ቀለም የሌለው ኮድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው... እንጅባራ ለሥራ ፈተና ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ብርዱ እግር ያደነዝዛል፤ እኔ ግን አልቦኛል።

የሚፈለገው አንድ ፕሮግራመር ነው፤ የቀረብነው ሦስት። ፈታኙ ረጋ ያሉ ጎልማሳ ናቸው። በሩን ዘጉና ሰዓቱ ሳያልቅ ማንም እንደማይወጣ ነግረውን ወረቀት አደሉን። የገበሬዎችን ስም ተራ በተራ እያነበበ ማዳበሪያ የሚደለድል ፕሮግራም፣ ሁለት ገጽ ኮድ። ስህተቱን ፈልጉ ይላል።

ሳየው ክው አልኩ... ሁሉም ጥቁር ነው። እኔ ኮድ የማውቀው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እየቀባው፣ ትእዛዙ ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ቀይ፣ ማስታወሻው አረንጓዴ ሆኖ። እዚህ ግን ዓይኔ ማረፊያ አጣ። ግማሽ ሰዓት አንድ መስመር ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ትቼ እንዳልወጣ በሩ ዝግ ነው። ጨነቀኝና እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ቀለም የለውም» አልኳቸው።

ወረቀቱን ወስደው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። «ይነበባል እኮ። የቱ ጋ ነው የደበዘዘብህ?»

ማስረዳቱ አሳፈረኝ። ተቀበልኳቸውና ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ራሴ ማቅለም ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ስደርስ ሰዓቱ አለቀ። ወረቀቴ አምሯል... ስህተቱን ግን አላገኘሁትም።

ከፊቴ የተቀመጠችው ተፈታኝ ከአዘና የመጣች ልጅ ነበረች። ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳ ላይ ቆመን፣ አግኝታው እንደሆነ ጠየቅኳት። ስትማር መብራት እየጠፋ ስላስቸገራቸው፣ ኮድ ማንበብ የለመደችው ከፎቶ ኮፒ እንደሆነ አጫወተችኝ። በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች፣ አሁን ተራው የማን ነው እያለች ነው ያነበበችው።

«ቆጠራው ከሁለተኛው ሰው ነው የሚጀምረው» አለችኝ። «መጀመሪያ የተመዘገበው ገበሬ ምንጊዜም አይደርሰውም።»

አላመንኳትም። ዳንግላ ቤቴ እንደገባሁ የቆጠራውን ክፍል እንዳስታወስኩት ኮምፒውተሬ ላይ ጻፍኩት። ሰማያዊውም ቀዩም በየቦታው ቁጭ አለ። ሁሉም ትክክል ይመስላል። ፕሮግራሙን ሳስነሳው ግን... እውነትም የመጀመሪያው ሰው ተዘሏል።

ሥራውን እሷ አገኘች። እኔ አሁንም ያለ ቀለም አልሠራም፤ ለዓይን ይቀላል፣ ያልተዘጋ ቅንፍም ቶሎ ያሳያል። ማሰቡን ግን አያግዝም።

ቀለም የምወደው እኔ... ቀለም የገባት እሷ።