ልብስ ሰፊዋ አክስቴና የእቃ ማጠቢያው ቢላ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጣቷ ነው የኖረችው። ይህን መጻፌን አታውቅም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጇ አምና የእቃ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ ኩሽናዋ ውስጥ ገጠመላት። አደራደሩንም አሳያት። ሳህን ከታች፣ ብርጭቆ ከላይ፣ ማንኪያና ሹካ ቅርጫቱ ውስጥ።

"ቢላ ግን ጫፉ ወደ ታች ነው፣ እማዬ።"

"እታች ተደፍቶ ይጸዳል እንዴ?"

"ይወጋሻላ።"

"እኔን? ስንት መርፌ ያልገደለኝን? ሂድ ወደ ሽቦህ።"

እሱ ስቆ ሄደ። እሷ ቢላዎቹን ጫፋቸውን ወደ ላይ እያቆመች መክተቷን ቀጠለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሳህን አቀብላለሁ፣ እሷ ትደረድራለች። የማሽኑ በር እንደተከፈተ ነው። አክስቴ ድስት ልታነሳ ዞር ከማለቷ ሚጢ መጣች። ሚጢ የዚሁ ልጇ ልጅ ናት፣ ያኔ ገና መሄድ መጀመሯ ነው። በሩን ይዛ ልትቆም ስትል እግሯ ከዳት። ፊቷ ቀጥ ብሎ ወደ ቅርጫቱ ሄደ። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አክስቴ ቀኝ እጇን በልጅቷ ፊትና በቢላው መሀል ሰደደች።

ሚጢን ምንም አልነካትም። የአክስቴ አውራ ጣት ግን ከሥሩ ተተረተረ፤ ጅማቱ ተቆርጧል ተባለ። ሐኪሙ ሲሰፋት አንገቷን አስግጋ ታየው ነበር።

"ዶክተር፣ ስፌቱ ሰፋ አለ። ጠበቅ ጠበቅ ይደረግ እንጂ።"

ሐኪሙ ሳቀ።

"ይታጠፍልኛል?" አለችው።

"እናያለን።"

ማታ ልጇ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። የተጠቀለለ እጇን አገላብጦ አየ። እሷ ናት መታገስ ያልቻለችው።

"በለው እንጂ።"

"ምኑን?"

"ነግሬሽ ነበር በለኝና ይውጣልህ።"

"የልጄ ዓይን ተርፏል። ሌላ ምን እላለሁ?"

አሁን ቢላ ጫፉ ወደ ታች ነው የሚገባው። ረጃጅሞቹን በእጅ አጥበን ወዲያው መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። ተደርድሮ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል፤ ለአፍታም ተከፍቶ አይተውም።

ጣቷ ግማሽ ድረስ ይታጠፋል። የስፌት መኪናዋን ትነዳለች። ቁልፍ መትከሉና ቅምቅማቱ ለእኔ ሆኗል፣ እሷ አጠገቤ ሆና "ክሩን አትጎትቺው" ትለኛለች። አንዳንዴ መርፌውን ትቀበለኝና ትሞክራለች። ያመልጣታል። ታነሳዋለች፣ እንደገና ያመልጣታል። ከዚያ መልሳ ታቀብለኛለች።