ለከበሮ መቺው የተላኩ ሽማግሌዎች

ባቱ ውስጥ ካቶሊክ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሲስተሮቹ ጋ ነህ?» ብሎ ነው። ከመነኮሳይያቱ ጋር እንደማልኖር፣ እነሱ ግቢ ያለችው ትንሽ ቤተ ጸሎት ውስጥ እንደማስቀድስ ማስረዳት ልማዴ ሆኗል። ጥቂት ነን። ጥቂትነታችን ግን ለመቅረት ሰበብ አይሆንም ብዬ የማምን ሰው ስለሆንኩ፣ እሁድ እሁድ ባዶ ወንበር ሳይ ንዴት ይይዘኝ ነበር።

አባ በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ትናንሽ ቤተ ጸሎቶች ሁሉ ብቻቸውን የሚያዳርሱ ካህን ናቸው። አንድ እሁድ ቀድሰው ሲጨርሱ ወንበሮቹን ቃኘት አደረጉና «እዚህ የምቀድሰው ለወንበር ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ሰው ካህን አጥቶ ይጠብቀኛል። ክረምት ሳይገባ እወስናለሁ፤ እንዲህ ከቀጠለ ወደ እናንተ የምመጣው በወር አንዴ ብቻ ነው» አሉን። ክው አልኩ። የተጠመቅሁት፣ የቆረብሁት፣ የተዳርሁት እዚያች ቤት ውስጥ ነው። በወር አንዴ የሚቀደስባት ከሆነ ቀስ በቀስ እንደምትዘጋ አልጠፋኝም።

የቤተ ጸሎታችን ምእመናን ምክር ቤት ጸሐፊ ነበርኩና ወዲያው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ቅዳሜ ማታ «ነገ ጠዋት ቅዳሴ አለ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁሉም «አሜን» ይላል። ሁለት እጅ የተጋጠመበት ምስል የሚልክልኝም አለ። እሁድ ጠዋት ግን አሜን ባዩ ሁሉ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል።

«ሰው በስልክ አይመለስም፤ ሽማግሌ ይላክ» አሉ ሃይማኖት የሚያስተምሩን አረጋዊው ካቴኪስታችን። በከተማችን እሳቸው ያልሸመገሉት ጋብቻ ጥቂት ነው። ሁለተኛ ሰው አድርገው የመረጡት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግደውን ጎረቤቴን ነው፤ እሁድ እንግዳ ስለሚበዛበት እሱ ራሱ ቅዳሴ የሚመጣው ሲመቸው ነው። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ፀጉሬ ገና አልሸበተም ብዬ ብከራከር «ጋቢ ልበስ፤ ይሸብታል» አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ከበሮ መቺያችን ቤት ነው። ባጃጅ ጠጋኝ ነው። ባለፈው ዓመት ጋሪ ገጭቶት እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ድኖ ሥራ ቢጀምርም ወደ ቤተ ጸሎት ግን አልተመለሰም። እሱ ከቀረ ወዲህ በጭብጨባ ነበር የምንዘምረው፤ ጭብጨባችን ደግሞ አይጣል ነው።

እሁድ ከሰዓት ሦስታችንም ነጭ ጋቢ ለብሰን በራፉ ላይ ቆምን። ሚስቱ በሩን ከፍታ «አካም ጂርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ስትጀምር ጋቢያችንን አየችና ድምጿ ዝቅ አለ። ፈጠን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የሳህን ኳኳታ ሰማን። ባልየው ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ትንሽ እያነከሰ መጣና እንድንቀመጥ ጋበዘን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ካቴኪስቱ እንደ ልማዳቸው። ቀጥለውም የቤቱን ደግነት፣ የባለቤቱን ጨዋነት ማወደስ ጀመሩ። ከአፋቸው የሚወጣው ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩት ነው፤ ለምን እንደመጣን ሳይረሱት አልቀሩም።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና «ልጅቷ ገና ሥራ መያዟ ነው» አለ። «የላካችሁን ሰው አልንቅም። ግን ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም።»

ካቴኪስቱ «ተገቢ ነው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አላስቻለኝም።

«ልጅህን አይደለም» አልኩት። «የምንፈልገው አንተን ነው።»

ቀድማ የሳቀችው ከመጋረጃው ኋላ የነበረችው ልጅቷ ናት። እናቷ ትሪ እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ካቴኪስቱ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማን ይቆማል፣ ተቀመጥን፤ ለአማች የተሰናዳውንም ምግብ በላን።

ሳቁ በረድ ሲል ለምን እንደቀረ ጠየቅነው።

«አልጋ ላይ በነበርኩ ጊዜ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ሾርባ ታመላልስልኝ ነበር» አለ። «ከወዲያ ማዶ ያለችው ጴንጤ መጥታ ጸለየችልኝ። የእድሩ ሰዎችም መጡ። እኔ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር የምጠብቀው እናንተን ነበር። ዛሬ ወንበር ባዶ ሆነ ብላችሁ መጣችሁ። ያኔ እኔ ስጎድልስ ማን አየኝ?»

ያኔ በስልክ መልእክት «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለነው ነበር። ያንን ማንሳት አሳፈረኝ። ካቴኪስቱ ከተቀመጡበት ተነስተው ቆሙ። «ሽምግልናው አሁን ለራሳችን ሆነ። አጥፍተናል፤ ይቅር በለን» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ተነሳና «ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ» እያለ ክንዳቸውን ያዘ። ሲሸኘን ግን «ዘመድ ላማክርና መልስ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ቀለደብን።

ከዚያ በኋላ «ቅዳሴ ኑ» ማለቱን ተውነው። እሁድ ስንጨርስ ብርቱካን ገዝተን ያልመጣ ሰው ቤት እንሄዳለን፤ ደህንነቱን ጠይቀን እንመለሳለን፣ በቃ። አንዲት እናት የቀሩት መንገዱን ብቻቸውን መሄድ ፈርተው ኖሯል። አበባ እርሻ የምትሠራ ወጣት ደግሞ ፈረቃዋ እሁድ ላይ እየዋለ ነው፤ የተቀየምናት መስሏት ከእኛ ትሸሽ ነበር። እኔ ለሁሉም ሰነፍ የሚል ስም አውጥቼላቸው ነበር።

ከበሮ መቺው አንድ እሁድ ሹልክ ብሎ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። መዝሙር ስንጀምር ጭብጨባችን እንደተለመደው ወዲያና ወዲህ ሆነ። ጥቂት ታገሠን። ከዚያ እያነከሰ ወደ ፊት ሄደና ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። የዚያን ቀን ድምፄ እስኪዘጋ ዘመርኩ።

አባ ውሳኔያቸውን የሚነግሩን እሁድ ሲደርስ፣ የኔ ነገር፣ ጥርሴ ተነሳብኝ። ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሊደፍነው ምንም አልቀረውም። ባለቤቴ አዳማ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር የሚሆነውን መጥቶ የሚነግረኝ ሰው እንኳ አልነበረኝም። አገጬን በሻሽ ጠፍሬ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ስመላለስ ረፈደ።

በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ካቴኪስቱ፣ የላንጋኖው ጎረቤቴና ብርቱካን ያንጠለጠለው ከበሮ መቺ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ከበሮ መቺው፣ የካቴኪስቱን ድምፅ አስመስሎ።

መናገር ስላልቻልኩ በእጄ «እሺ፣ ምን ሆነ?» አልኩት። ሆነ ብሎ ብርቱካኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አባ የተመለሰውን ሰው ሁሉ አዩ» አለ በመጨረሻ። «በየሳምንቱ እመጣለሁ ብለዋል። ከዚያ ያንተን ቦታ አዩና ‹አንድ ሰው ጎድሏል፤ ሂዱና ጠይቁት› ብለው ላኩን።»

በእጄ ወንበር አሳየኋቸውና ተቀመጡ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ በጥርሴ አሳበብኩ።