ግርጌው የተበላ ቤት

ታናሽ ወንድሜ በኮምፒውተር ጌም ከአራዊት የሚጠለልበትን ቤት ሲሠራ፣ ምሰሶ ሳያቆም ጣሪያ ጫነበት። እንጨቱ ተንቋቋና ተደረመሰ።

ድምፁ ልጅነቴን፣ ዶርዜን አስታወሰኝ። የአያቴን የቀርከሃ ቤት ግርጌ ምስጥ በልቶት ነበር። ጎረቤቶች የተበላውን ቆርጠው ጣሉና ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት ቤቱን እንዳለ በትከሻቸው አነሱት። ቀርከሃው ሲንቋቋ ይፈርሳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ያጥራል እንጂ አይፈርስም» አሉኝ አያቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው። «እኔንም ምስጡ ከእግሬ ጀምሮኛል፤ እኔን ግን እንዲህ ቆርጦ የሚያድስ የለም።»

እኔ ሳቅሁ። የተሸከሙት ሰዎች ግን አልሳቁም። በዓመቱ አያቴ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው።

ወንድሜ «እንደገና ልጀምር ነው!» ብሎ ሲነጫነጭ ቀና አልኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«አባዬ፣ ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ» አልኩት።