በደባርቅ ካርድ ክፍል የተወጣሁት ቂም

የመመረቂያ ሥራዬን ደባርቅ ጤና ጣቢያ ላይ ልሥራ ስል አስተማሪዬ ገረማቸው። «እዚሁ አዲስ አበባ ስንት ሆስፒታል እያለ?» አሉኝ። «አገሬ ስለሆነ ነው» አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ ግን ሁሉንም አልነገርኳቸውም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ የምፈልገው ሰው ነበረ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ደባርቅ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። አባቴን የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ከጃናሞራ ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዞ መጣ። አክስቴ ቤት አርፎ በየቀኑ መርፌ ሲወጋ ከረመ። ሳሉ ጋብ ሲልለት ገብሱን ሊያጭድ አገሩ ደርሶ ተመለሰ። ሲመለስ ካርዱ ጠፋ።

ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ ከመስኮቱ ቀና እንኳ ሳይል «ካርድህ የለም» አለው።

አባቴ ጋቢውን አደግድጎ፣ «ጌታዬ፣ እዚሁ ነው የተጻፍኩት። እባክዎ ይፈልጉልኝ» አለ።

«የለም አልኩህ እኮ! አንተ ሽማግሌ አትሰማም? ነገ ና!»

አባቴ በአገሩ ደም የተቃባ የሚታረቀው እሱ ፊት ነበር። ታላላቆቹ እንኳ አንቱ ይሉታል። በማግስቱ ሄድን፤ በሦስተኛውም ቀን ሄድን። እኔው ቀርቤ አዲስ ካርድ እንዲያወጣለት ለመንኩት። «የድሮው ሳይገኝ አዲስ አይወጣም» አለኝ። በአምስተኛው ቀን አባቴ በቅሎውን ጭኖ፣ «ልጄ፣ እንዲህ ከምዋረድ ቤቴ ልሙት» ብሎኝ ሄደ። ክረምት ሳይገባ ሞተ።

ኮሌጅ ስገባ የመዛግብትና የመረጃ አያያዝ ትምህርት ሲደርሰኝ ጓደኞቼ አዘኑልኝ። ሐኪምነት ወይም ሕግ ቢደርሳት ይሻላት ነበር አሉ። እኔ ግን የዚያን ሰውዬ መስኮት ነበር የማስበው።

ደባርቅ ስደርስ ሰውዬው ፀጉሩ ሸብቶ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። አላወቀኝም። «የኮሌጅ ልጅ፣ ምን ልታስተምሪን መጣሽ?» አለኝ።

«ልማር ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አልኩት።

አንድ ሳምንት ደብተር ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ካርዶቹ በመጡበት ቀን እየተቆለሉ በሲባጎ ታስረዋል። የትኛው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ነርሶቹ ይለማመጡታል። እሱ ስብሰባ የተጠራ ዕለት ደግሞ ከሩቅ የመጣ በሽተኛ ሳይታከም ይመለሳል። ዝርክርክነቱ ካለማወቅ እንዳልመጣ ያኔ ገባኝ። የተከበረው በዚያ ነበር። እኔም ልነቅልበት የመጣሁት ያንን ክብሩን ነው።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ቀጥሎም ደብሩን የያዘ ትንሽ መፈለጊያ ካርድ በፊደል ተራ አደረግሁ። በእኛ አገር ስመ ሞክሼ ብዙ ስለሆነ ደብሩ ካልተጻፈ ሰው ከሰው አይለይም። ካርድ ያወጣ ሰው ደግሞ በቦታው ቀይ ወረቀት ትቶ ይፈርማል፤ ከእንግዲህ የጠፋ ካርድ ማን እጅ እንደጠፋ ይታወቃል። መሳቢያዎቹን የዳባት አናጢ ሠርቶልኝ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጡ።

«የወረቀት ጨዋታ ነው፣ አንቺ ስትሄጂ ይቀራል» ይል ነበር ሰውዬው፣ እየሰማሁት።

የድሮውን ክምር ሳስተካክል የአባቴን ካርድ አገኘሁት። ከመስኮቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ፣ በነፍሰ ጡሮች ካርድ መሃል ተሰንቅሮ። ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሣ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ካርዱን በአዲሱ መሳቢያ በተራው አስገባሁትና ለማንም ሳልናገር ፈተናዬን ጠበቅሁ።

የፈተናው ዕለት አስተማሪዬ ከአዲስ አበባ፣ አንድ ጓድ ደግሞ ከአውራጃው ጤና ቢሮ መጡ። ጥቂት ስም ጠሩና ወዲያው ወዲያው አወጣሁላቸው። ከዚያ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ «እሷማ የሠራችው ናት። የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ይሞክረው» አለ።

«ስሙን እኔ ልስጣቸው» አልኩ። የአባቴን ስም እስከ አያቱ፣ ደብሩንም ጨምሬ ነገርኩት።

ሰውዬው መሳቢያውን ሳበ፤ አገኘው። «ይኸው!» አለ ደስ ብሎት።

«ያንብቡልን፣ ጋሼ።»

አነበበ። መርፌ የተወጋበትን ቀን እየጠራ ወርዶ ባዶው ሰንጠረዥ ላይ ሲደርስ ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ለምን ተቋረጠ?» አለ የአውራጃው ጓድ።

«ካርዱ ጠፍቷል ተብሎ ነው» አልኩ። «አምስት ቀን ነገ ና ተባለና አገሩ ገብቶ ሞተ። ካርዱ እዚህ መደርደሪያ ላይ ነበር። በሽተኛው አባቴ ነው፤ ነገ ና ያሉትም እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ካርዱን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። አስተማሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩለትም።

ሥራዬ ከኮሌጅ የክፍል ጓደኞቼ ሥራ ሁሉ በለጠ። ሰውዬው ከኃላፊነቱ ወርዶ በአንዲት ወጣት ነርስ ሥር ሆነ፤ ካርድ ባወጣ ቁጥር ቀይዋ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ልሄድ ስል በር ላይ ጠብቆ፣ «ልጄ፣ ሙች አላስታወስኳቸውም» አለኝ። አባቴን አንቱ ማለቱ ነበር።

«አውቃለሁ» ብዬው አለፍኩ።

እናቴ ስነግራት ደስ አላላትም። «ለእግዚአብሔር ብትተዪው ምን ነበረበት?» አለችና የነፍስ አባታችን ዘንድ ወሰደችኝ። እሳቸው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ተጸጽተሻል?» አሉኝ።

«አልተጸጸትኩም፣ አባ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ስገጂ፤ ጸጸቱ በኋላ ይመጣል» ብለው ስግደት ሰጡኝ። አንድም ሳላጎድል ሰገድኩ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ጸጸቱ አልመጣም።