የስፒከር መሞከሪያው ዘፈን

መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ ያገለገለ ስፒከር የሚሸጡት ሽማግሌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። በእሳቸው ቤት፣ በዚያ ሁሉ የመርካቶ ሕዝብ መሀል ጆሮ ያለው አንድም ሰው የለም። ዕቃቸውን የሚያስሞክሩት ማንም የማያውቀው አንድ የድሮ ባንድ በተጫወተው ዘፈን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ዘፈን የለዎትም?» ያላቸውን፣ «ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ መስማት ካማረህ ምናለሽ ተራ ሂድ» ይሉታል።

ትናንት አንዲት ተማሪ ዘፈኑን እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው።

«እንዲህ ያለ ዘፈን እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ፍላሼ ላይ ይጫኑልኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«ሲወጣ የት ነበራችሁ?» አሏት፣ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላትን ልጅ። «አልጭንም።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ሄደች። እሳቸው ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለሱት። ትራምፔቱ ሊገባ ሲል ከንፈራቸው ሞጠሞጠ፤ የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶችም ጭናቸው ላይ፣ ከትራምፔቱ ቀድመው፣ ይወጡ ይወርዱ ጀመር።