የዘይቱ ብሎን

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነው። ጂፗ ስትቆም ሦስት ነበርን። ባለቤቴ መኮንን መሪውን እንደያዘ ቀርቷል። ሻምበል ባሻ ተስፋዬ ከፊት ኮፈኑን ከፍተው ቆመዋል። እኔ ከኋላ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ነበርኩ፣ ጨርቅ ይዤ።

ጂፗ የአሜሪካ ጦር ያስወገዳት አሮጌ መኪና ናት። መኮንን በ2006 በጨረታ ገዝቶ አሜሪካ በምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ጓሯችን ካለው ጋራዥ ሲያስገባት ወንበሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ባሻ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የጦር መኪና የጠገኑ ሰው ናቸው። እዚህ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥፋሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሚኖሩባት ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ በባቡር መጥተው ያስተምሩናል። እኔ መጀመሪያ መፍቻ ለማቀበል ነበር የገባሁት። በዓመቱ ካርቡራተር ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ የምገጥም ሆንኩ። ሞተሩን አዳምጬ የትኛው ካንዴላ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ይህን ስጽፍ አላፍርም።

የባሻ ሕግ አንድ ነበር፤ የፈታ ሰው ራሱ ይገጥማል፣ ሌላ እጅ አይነካውም። አሌክሳንድሪያ የአሮጌ ጦር መኪኖች ትርኢት ሊደረግ ዋዜማው ላይ ባሻ የሞተሩን ዘይት ቀይረው፣ ከሥር ያለውን የዘይት መዝጊያ ብሎን ራሳቸው አሠሩ። ሲሄዱ ከጂፗ ሥር ገባሁ። ለምን? እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር። የእኔ እጅ ይሻላል አልኩ። አጠበቅሁት። ደግሜ አጠበቅሁት። በሦስተኛው ብሎኑ በባዶ ዞረ። ጥርሱን በላሁት። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ፤ እጄ አውቆታል። ለነገ ያደርሰናል ብዬ እጄን ጠርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ባሻ አብረውን ሊሄዱ ማልደው መጡ። መንገድ ላይ ብሎኑ ወደቀ፣ ዘይቱ ፈሰሰ፣ ሞተሩ ደርቆ ቆመ። ባሻ ከሥር ገብተው ወጡና፣ "የፈታሁት እኔ ነኝ። ከልክ በላይ አጥብቄዋለሁ" አሉ።

መኮንን ተናደደ። "ሠላሳ ዓመት ጠገንኩ የሚሉት እንዲህ ነው እንዴ ባሻ? ለካ ጦሩ በእግሩ የሄደው በእርስዎ ምክንያት ነው!"

ባሻ ለመሳቅ ሞከሩ። ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው እጃቸውን ጠረጉ። "ያጠበቅሁት እኔ ነኝ" ማለት ይበቃኝ ነበር። እኔ አላልኩም። ያ ሰው በእጁ ከመታመን ሌላ ምን ነበረው? እሱን ነው የወሰድኩበት። ከዚያ ወዲያ ጋራዣችንን አልረገጡም።

ሞተሩን ፒስተን ሳይቀር አውርጄ፣ ሁለት ክረምት ፈጅቼ ሠራሁት። ትርኢቱ ሜዳ ላይ አስነሥቼው ሰው ከቦ ሲያጨበጭብልኝ ቀና ብዬ ቆምኩ። አንባቢዬ፣ ዛሬም ስለዚያ ቀን ቀና እላለሁ። የሠራኋት እኔ ነኝ። ያበላሸኋትም እኔ ነኝ። ፍርሃትን ሰበብ አላደርግም፤ ፍርሃት አልነበረም፣ ኩራት ነበር።

ባሻ ታመሙ ሲባል ልነግራቸው ቆርጬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ጂፗ ተነሣች አሉ፣ የሺ?"

"ተነሥታለች፣ ባሻ።"

"ማን ሠራት?"

"እኔ።"

ፊታቸው በራ። "እኔ ያበላሸሁትን! እጅሽ ይባረክ እህቴ። ተማሪዬ ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።"

ልነግራቸው የመጣሁትን እንደያዝኩ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።