የሳራዳ ስለት

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ጸጉሯን በኮኮናት ቅባት አርሳው ኖሮ፣ ሽታው ሲያውደኝ ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ሄዶ መውረጃዬን አልፌ ወረድኩ። ዛሬ አሰላ ውስጥ ያንን ቅባት የማይሸጥ ሱቅ የለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን የከተማው ሴት ሁሉ የሚቀባው ቅቤ ነበር፤ ያ ሽታ የአንዲት ሴት ብቻ ነበር፣ እሷም ሳራዳ ነበረች።

የመጡት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ የጭላሎ ተራራ ከነራሱ በጉም ተውጦ ግቢው ሁሉ በጭቃ በተቦካበት ሰሞን ነው። ባሏ ሚስተር ክሪሽናን ለትምህርት ቤቱ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ከህንድ አገር የተቀጠረ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው ነበር። የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበረው አባቴ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤት አከራያቸው። ሳራዳ ሰውነቷን በዞረ ስስ ጨርቅና በነጠላ ጫማ ከጋሪው ስትወርድ አንዱ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ቀረ፤ ብርዱ ጥርሷን ሲያንቀጫቅጨው ያየች እናቴ ጋቢዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ሮጣ ጠቀለለቻት። ያንን ጋቢ እስከ መስቀል ድረስ አላወለቀችውም።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ባሏ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እሷ ደጃፏ ላይ ትቀራለች። በአገሯ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ግን ባሏ ማስረጃዎቿን ይዞ ሁለት ጊዜ ዲሬክተሩ ዘንድ ቢቀርብም «ቦታ የለም» ተብሎ ተመልሷል። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሦስት ወንዶች በኋላ የመጣሁ ስለሆንኩ ቤታችን ውስጥ ለኔ ጸጉር ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም፤ እናቴ እንኳ የምትሠራኝ ለዓመት በዓል ብቻ፣ ያውም እየተቆጣች ነበር። ሳራዳ አንድ ቀን በእጇ ጠርታ እግሯ ሥር አስቀመጠችኝና፣ ከትንሽ ጠርሙስ ቅባት መዳፏ ላይ አንጠባጥባ፣ ጸጉሬን ዘርፍ በዘርፍ እያነሳች ሳታሳምመኝ አበጠረችኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሮጠው ወደ እሷ ደጃፍ ነበር። እኔ «ውሃ»፣ «በር»፣ «ዶሮ» እያልኩ አስተምራታለሁ፣ እሷም የራሷን ቃላት ታስተምረኛለች፤ እንዲህ እያልን ማንም የማይገባው የሁለታችን ቋንቋ አበጀን። ደስታዬን ዛሬም መግለጽ ያቅተኛል፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የኔ ብቻ ሆኖ ነበር።

ገብስ ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ ከገና በፊት፣ ሳራዳ ከሣጥኗ ሥር አንድ ፎቶግራፍ አውጥታ አሳየችኝ። በኔ ቁመት የምትሆን፣ ሁለት ጉንጉን የተሠራች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት። «ሊላ» አለችና ሆዷን በእጇ ነካች፤ ቀጥላ ወደ ሩቅ አመለከተች። ልጇን በአገሯ ትታ እንደመጣች ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝም ደስ አላለኝም። ከዚያ በኋላ ጸጉሬን ስታበጥር አንዳንዴ «ሊላ» የሚል ቃል ያመልጣት ነበር፤ እኔም ቀልጠፍ ብዬ «አቤት» እላለሁ።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ ሳራዳ ሥጋ ነክ ነገር አፏ እንደማያስገባ ስታይ አክብሮቷ ጨመረ፤ «የሰው አገር ሰው እንዲህ ሲጾም እኛስ ምን ነክቶን ነው?» እያለች ወንድሞቼን ትወቅስበት ነበር። በፋሲካ ዕለት ምርጡን የዶሮ ወጥ በሳህን አድርጋ ይዛላት ብትሄድ ግን፣ ሳራዳ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ጎንበስ ብላ አልቀበልም አለች። እናቴ አልተቀየመችም። ተመልሳ ለጎረቤታችን ለእማማ ሀሊማ በሹክሹክታ «ስለት አለባት» አለቻት። ምን ዓይነት ስለት ነው ሲባል ለሁለቱም አንድ ነገር ብቻ ታያቸው፦ ልጅ እስክታገኝ ሥጋ ላትቀምስ ተስላለች። አባቴ ሚስተሩን ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅ ነውር ነው ብሎ እምቢ ስላለ፣ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«የሷ ቋንቋ ላንቺ ይገባሻል። ልጅ አላት?»

«የላትም» አልኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሳራዳ ስለት የሰፈሩ ሁሉ ስለት ሆነ። እናቴ ለገብርኤል ጥላ ተሳለችላት፤ ሌሎቹ ሴቶችም በየታቦታቸውና በየዱዓቸው አስታወሷት፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል፣ እሷም ምን እንደሆነ ሳይገባት ፈገግ ትላለች። በዚያው ሰሞን የሴቶች ልጆች አስተማሪዋ አግብታ ወደ ሲሬ ሄደችና ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህንንና የሳራዳን አስተማሪነት ያገናኘው ሰው አልነበረም።

ሰኔ ላይ እማማ ሀሊማ ለአረፋ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ልትጓዝ ተነሳች። ለሳራዳም ዱዓ ላደርስላት ነው ብላ የተሳላሚ ባላ ዱላዋን እንደያዘች ከእናቴ ጋር ልትሰናበታት መጣች። ቋንቋ ቢቸግራት ክንዷን እንደ አራስ እሹሩሩ አደረገች፣ ወደ ሰማይ አመለከተች፣ ከዚያ የሳራዳን ሆድ ነካች። የሳራዳ ፊት በራ። እየሮጠች ገብታ ፎቶግራፉን አመጣችና ለሁለቱም ሰጠቻቸው፤ መዳፏንም እኔ ራስ ላይ አሳርፋ የልጇን ቁመት አሳየቻቸው።

«ያ ረቢ!» አለች እማማ ሀሊማ። «ልጅ አላታ! ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ አላወቅሽም?»

አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ግን ፎቶግራፉን ትታ እኔን ነበር የምታየው። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመታችኝም። ማታውን በአንድ ደመወዝ የልጅቷን መምጫ መክፈል እንዳልቻሉ ከሚስተሩ ሰምታ፣ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእማማ ሀሊማን ጉዞ በአንድ ቀን አስዘግይታ፣ ሁለቱ ተያይዘው ዲሬክተሩ ደጅ ቆሙ። እራት ላይ ዲሬክተሩ ያሉትን ለአባቴ ነገረችው። «ሴትዮዋ ቤት መዋል ሰልችቷት መስሎኝ ነበር። ልጇን ለማምጣት መሆኑን ያን ጊዜ ብትነግሩኝ፣ ቦታው ክፍት ሲሆን ለሷ እሰጣት ነበር።» ይህን ስትናገር አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልዞረችም።

ሳራዳ ለመስከረም ተቀጠረች። በቤተሰቧ ከቅድመ አያቶቿ ጀምሮ ሥጋ በልቶ የሚያውቅ እንደሌለም ያኔ ተረዳን፤ እናቴ «ታዲያ ዕድሜ ልኳን ጾመኛ ናታ!» ብላ ገብርኤልን ጥላውን አልከለከለችውም። ቦታውን በጊዜው አግኝታ ቢሆን ሊላ በዚያው ክረምት በመጣች ነበር፤ አባቷ ሄዶ ያመጣት ግን ገና በዓመቱ ነው። አውቶቡሱ ሲቆም ሳራዳ ሁለት እጇን ዘርግታ ሮጠች። ልጅቷ አባቷ እግር ኋላ ተሸሸገችና አንድ ነገር ጠየቀችው። «አማ የት ናት?» ነበር ያለችው፤ አማ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። የጠየቀችው ያሳደገቻትን አያቷን ነበር። የሳራዳ እጆች እንደተዘረጉ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ወረዱ። ያቺን «የላትም» ያልኳትን አንዲት ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ብዬ አለቀስኩ።

ሊላ ለወራት ጸጉሯን አላስነካ አለች። ሳራዳ ልጇ እያየች እንድትለምድ እኔን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ታበጥረኝ ነበር። አንድ ቀን ሊላ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔም ተነስቼ ቦታዬን ለቀቅኩላት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮንትራታቸው አልቆ ሄዱ። ይቅርታ ሳልጠይቃት።

ዛሬ ልጄና ባሏ ዱባይ ሥራ አግኝተው፣ እሷ ሆቴል እሱ ሾፌርነት፣ ኑሯቸውን እያደላደሉ ነው። የአምስት ዓመት ልጃቸው እኔ ዘንድ ናት። ያኔ ከህንድ ደብዳቤ እስኪመጣ ወራት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ልጄ በየቀኑ ፊቷን በስልክ ታሳያለች፣ ሕፃኗም እጇን አውለብልባላት ወደ ጨዋታዋ ትሮጣለች። ከዚያ ወደ ጉያዬ ገብታ «እማዬ» ትለኛለች። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ዝም ብል የሚታዘበኝ የለም፤ ያቺ የሰባት ዓመት ልጅም እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም፣ ዝም በይ ትለኛለች። «እኔ አያትሽ ነኝ፤ እናትሽ ለሥራ ሰው አገር ናት፣ ትመጣለች» እላታለሁ። ትስቅብኛለች። ነገም «እማዬ» ትለኛለች፣ ነገም እነግራታለሁ።